አምባገነኑ ሲወርድ አገዛዙ ለምን ይቀራል? ከ2011 ወዲህ የዓረቡ ዓለም ፖለቲካ

የማታ አንባቢ (ርዕሱን የከፈተ)

ዓመታትንና ወራትን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከጃንዋሪ 2011 እስከ ዲሴምበር 2024 ባለው ጊዜ በዓረቡ ዓለም ለረጅም ዘመን የገዙ ሰባት መሪዎች ከሥልጣን ተወግደዋል። የቱኒዚያው ዚን ኤል አቢዲን ቤን አሊ ከ23 ዓመት፣ የሊቢያው ሙአመር ጋዳፊ ከ42 ዓመት፣ የየመኑ ዓሊ አብደላህ ሳሌህ ከ33 ዓመት፣ የአልጄሪያው አብደልአዚዝ ቡተፍሊካ ከ20 ዓመት በኋላ ሄደዋል። የግብፁ ሆስኒ ሙባረክና የሱዳኑ ኦማር አልበሽር ሠላሳ ዓመት ሊደፍኑ ጥቂት ሲቀራቸው ወረዱ፤ የሶሪያው ባሽር አልአሳድ ሲሸሹ ደግሞ ከአባታቸው ዘመን ጋር ከ50 ዓመት በላይ የዘለቀ የአንድ ቤተሰብ አገዛዝ አብሯቸው አበቃ። ከእነዚህ ሰባት አገሮች በአንዱም ቢሆን ዛሬ ሕዝብ በነጻ ምርጫ መንግሥቱን የሚቀይርበት ሥርዓት ጸንቶ አልቆመም።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ ሕዝቡን የሚወቅስ ነው። ባህሉ፣ ሃይማኖቱ፣ የጎሣ ትስስሩ ወይም የትምህርት ደረጃው ለዴሞክራሲ አላበቃውም ይባላል። እኔ ይህን አልቀበልም። ግብፃውያን ዕድሉን ባገኙ ጊዜ በ2011 ማብቂያና በ2012 ለምክር ቤትም ለፕሬዚዳንትም ረጅም ሰልፍ ይዘው መርጠዋል። ቱኒዚያውያን በኦክቶበር 2011 ሕገ መንግሥት አርቃቂ ጉባኤ መርጠው፣ ከሁለት ዓመት በላይ ተከራክረው፣ በ2014 መጀመሪያ ላይ ለዜጎች መብት በአካባቢው ተወዳዳሪ የሌለው ዋስትና የሰጠ ሕገ መንግሥት አጽድቀዋል። ፍላጎቱ በግልጽ ነበረ።

የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። በእነዚህ አገሮች የሚገዛው መሣሪያውን፣ በጀቱንና ችሎቱን በእጁ የያዘው ተቋም ነው፤ ፕሬዚዳንቱ የዚያ ተቋም ፊት ነው። ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ አልመለስ ሲል ተቋሙ ራሱን ለማዳን ፕሬዚዳንቱን አሳልፎ ይሰጣል። ሕዝቡ ድል አደረግሁ ብሎ ወደ ቤቱ ሲገባ ተቋሙ የቀድሞ ሥራውን ይቀጥላል።

ግብፅን በዝርዝር ልውሰድ። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2011 ምክትል ፕሬዚዳንቱ ኦማር ሱሌይማን በቴሌቪዥን ቀርበው ያነበቡት አጭር መግለጫ የሙባረክን ሥልጣን ያስረከበው ለጦር ኃይሎች ከፍተኛ ምክር ቤት ነው። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ፊልድ ማርሻል ሙሐመድ ሑሴን ጣንጣዊ ለ20 ዓመት ያህል የሙባረክ የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። ከ1981 ጀምሮ ሲሠራበት የነበረው የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ሙባረክ ከወረዱም በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ያበቃው በሜይ 2012 መጨረሻ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እንደመዘገበው ደግሞ እስከ ሴፕቴምበር 2011 ድረስ ባሉት ጥቂት ወራት ብቻ ከ11,000 በላይ ሲቪሎች ወታደራዊ ችሎት ፊት ቆመዋል፤ በሙባረክ ዘመን ሁሉ በዚህ መንገድ ከተከሰሱት ሲቪሎች ይህ ቁጥር ይበልጣል። አብዮቱ አሸንፏል በተባለበት በዚያው ዓመት ማለት ነው።

ከዚያም ጁን 2012 መጣ። ፕሬዚዳንታዊው ምርጫ የመጨረሻ ዙር ሊካሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የተመረጠውን ምክር ቤት በተነ። የምርጫ ጣቢያዎቹ በሚዘጉበት ምሽት ደግሞ ጄኔራሎቹ ሕግ የማውጣት ሥልጣንን ለራሳቸው የሰጡበትንና የጦሩን ጉዳይ ከአዲሱ ፕሬዚዳንት እጅ ያወጡበትን ድንጋጌ አወጁ። የሙስሊም ወንድማማችነት እጩው መሐመድ ሙርሲ 51.7 በመቶ ድምፅ አግኝተው ሲመረጡ ምን እንደሚቀራቸው አስቀድሞ ተወስኖ ነበር። ሙርሲ ራሳቸው በኖቬምበር 2012 ውሳኔዎቼን ፍርድ ቤት ሊመረምራቸው አይችልም የሚል ድንጋጌ ማውጣታቸው ትልቅ በደል ነበር፣ ደጋፊ የነበሩ ብዙዎችንም አርቋል። ሆኖም ጁላይ 3 ቀን 2013 ከሥልጣን ያወረዳቸው የሕዝብ ቁጣ ብቻ ሊሆን አይችልም። ከቁጣው በስተጀርባ ከመጀመሪያውም ሥልጣኑን ያላስረከበ ኃይል ነበር።

የበለጠ የሚያስገርመኝ ግን የሁለቱ ሕገ መንግሥቶች ነገር ነው። የ2012ቱን ሕገ መንግሥት የጻፉት በአብዛኛው እስላማዊ ፓርቲዎች ናቸው፤ የ2014ቱን ደግሞ እነርሱን ያስወገዱት ኃይሎች ናቸው። በሌላ ጉዳይ ሁሉ የማይስማሙት እነዚህ ሁለት ወገኖች በጦሩ ጉዳይ ተመሳሳይ ነገር ጽፈዋል፤ የመከላከያ ሚኒስትሩ ከመኮንኖች መካከል ይሾማል፣ የጦሩን በጀት የሚመለከተው መኮንኖች የሚበዙበት የብሔራዊ መከላከያ ምክር ቤት ነው፣ ሲቪሎችም በተወሰኑ ጉዳዮች በወታደራዊ ፍርድ ቤት ሊዳኙ ይችላሉ። የ2014ቱ በዚህ ላይ ጨምሮ፣ ለሁለት የፕሬዚዳንት ዘመን ያህል የመከላከያ ሚኒስትሩ ያለ ከፍተኛው የጦር ምክር ቤት ይሁንታ እንዳይሾም ደነገገ። ሲሚንቶ የሚያመርት፣ ውኃ አሽጎ የሚሸጥ፣ ነዳጅ ማደያ ያለውና መንገድ የሚሠራ ጦር ሒሳቡን ለማንም እንዳያሳይ ሁለት ጊዜ በሕገ መንግሥት ተፈቀደለት።

የተለየ አስተያየት ያላችሁ በማስረጃ እንድትሞግቱኝ እጠይቃለሁ።

ፀሐይ መውጫ

ውድ የማታ አንባቢ፣ ስለ ግብፅ ያቀረቡትን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ማብራሪያዎ ቱኒዚያ ላይ ሲደርስ ይቆማል ብዬ አምናለሁ። የቱኒዚያ ጦር ከሀቢብ ቡርጊባ ዘመን ጀምሮ ሆን ተብሎ በቁጥርም በበጀትም አነስተኛ ሆኖ እንዲቆይ የተደረገ ነው። ፋብሪካ አልነበረውም፣ ባንክ አልነበረውም፣ በ2011ም ሥልጣን አልወሰደም። ያም ሆኖ ዴሞክራሲው አሥር ዓመት ቆይቶ ወደቀ።

የወደቀበት መንገድ ነው እኔን የሚያሳስበኝ። ካይስ ሳኢድ የሕገ መንግሥት ሕግ መምህር ነበሩ። ፓርቲ ሳይኖራቸው፣ ይህ ነው የሚባል የምርጫ ዘመቻ ገንዘብ ሳያወጡ፣ በኦክቶበር 2019 ከ70 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው ተመረጡ። ጁላይ 25 ቀን 2021 ለአስቸኳይ አደጋ ጊዜ ልዩ ሥልጣን የሚሰጠውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 80 ጠቅሰው ምክር ቤቱን ሲያግዱና ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሲያሰናብቱ፣ በዚያ ምሽት ቱኒስ ጎዳና ላይ የወጣው ሕዝብ ደስታውን ይገልጽ ነበር። ያን ሕዝብ ተታለለ ብዬ ለማለፍ አልፈልግም። ከአብዮቱ በኋላ መንግሥታት በየጊዜው ሲፈራረቁ እንደ ሲዲ ቡዚድና ካስሪን ባሉ የመሀል አገር ከተሞች የሚኖረው ወጣት ሥራ አላገኘም፤ በጃንዋሪ 2016 ካስሪን ላይ ተነሥቶ ወደ ሌሎች ከተሞች የተዛመተው ተቃውሞ አብዮቱ በ2010 ማብቂያ የተነሣበት ጥያቄ ሳይመለስ መቆየቱን በግልጽ አሳይቷል። በኮሮና ወረርሽኝ ሆስፒታሎች በሞሉበት ወቅት ምክር ቤቱ ውስጥ አባላት ሲደባደቡ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር።

አንቀጽ 80ን በትክክል ተርጉሞ አይቻልም ሊላቸው ይችል የነበረው አንድ አካል የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው። የ2014ቱ ሕገ መንግሥት ይህ ፍርድ ቤት ከመጀመሪያው የምክር ቤት ምርጫ ቀጥሎ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ እንዲቋቋም አዝዞ ነበር። ፓርቲዎቹ በዳኞቹ ማንነት ላይ ሳይስማሙ ዓመታት አለፉ፤ እያንዳንዱ ፓርቲ ለራሱ የሚመች ዳኛ ፈለገ፣ በመጨረሻም ለማንም የሚፈርድ ዳኛ አልነበረም። ይህን ያደረገ ጄኔራል የለም። ያደረጉት አብዮቱ ሥልጣን ላይ ያወጣቸው ሲቪል ፖለቲከኞች ናቸው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚመረው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በፌብሩዋሪ 2022 የዳኞች ከፍተኛ ጉባኤ ፈረሰ፣ በጁን 57 ዳኞች በአንድ ድንጋጌ ተባረሩ፣ በጁላይ ከመራጩ ወደ 30 በመቶ ብቻ በተሳተፈበት ሕዝበ ውሳኔ አዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ፣ በዲሴምበር የምክር ቤት ምርጫ ደግሞ ተሳትፎው ወደ 11 በመቶ ወረደ። ኤናህዳ የተባለው እስላማዊ ፓርቲ መሪ ራሺድ ጋኑሺ በኤፕሪል 2023 ታሰሩ። በኦክቶበር 2024 ሳኢድ ከ90 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተዋል ተብሎ በድጋሚ ተመረጡ። ቤን አሊ ያገኙ የነበረውን ዓይነት ቁጥር ማለት ነው።

ብራና

ጥያቄ አለኝ። በዓረቡ ዓለም ስምንት ነገሥታዊ አገዛዞች አሉ፤ ሞሮኮ፣ ዮርዳኖስ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኩዌት፣ ባሕሬን፣ ኳታር፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና ኦማን። አንዳቸውም አልወደቁም። የወደቁት መሪዎች ሁሉ ሪፐብሊክ ነን ከሚሉ አገሮች ናቸው። ይህን እንዴት ታዩታላችሁ?

እማኝ

ለብራና ጥያቄ፦ ስምንቱን በአንድ ማብራሪያ መጠቅለል የሚቻል አይመስለኝም።

ነዳጅ ያላቸው ገንዘብ አፈሰሱ። የሳዑዲው ንጉሥ አብደላህ በ2011 መጀመሪያ ወራት ለደመወዝ፣ ለመኖሪያ ቤትና ለድጎማ የሚውል ወደ 130 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ወጪ አወጁ። ግብር የማይጠይቅ መንግሥት ሒሳብ አሳየኝ የሚል ዜጋ በቀላሉ አይገጥመውም። ነዳጅ የሌላቸው ሞሮኮና ዮርዳኖስ ደግሞ የቁጣውን አቅጣጫ የሚያስቀይሩበት መንገድ አላቸው፤ ንጉሡ ከዕለት ተዕለቱ አስተዳደር በላይ የቆመ ስለሚመስል ችግር ሲበዛ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይሰናበታል። የሞሮኮው መሐመድ 6ኛ ተቃውሞው በተጀመረ በሦስት ሳምንት ውስጥ ማርች 9 ቀን 2011 የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ቃል ገብተው በጁላይ 1 ሕዝበ ውሳኔ አስደረጉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በምርጫ አንደኛ ከወጣው ፓርቲ እንዲሾም ተደነገገ፤ ጦሩ፣ የሃይማኖት ጉዳይና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰብሳቢነት ግን ከንጉሡ አልወጡም።

ባሕሬን ግን ከሁለቱም ትለያለች፣ ስለ እርሷ በቂ አልተነገረም። በፌብሩዋሪ 2011 ማናማ በሚገኘው የሉል አደባባይ የተሰበሰቡት ሰዎች ቁጥር ከአገሪቱ ሕዝብ አንጻር ሲታይ ከካይሮው ታህሪር አደባባይ ጋር የሚወዳደር ነበር። ማርች 14 ቀን የሳዑዲና የኤምሬቶች ኃይሎች ባሕሬንን ከሳዑዲ በሚያገናኘው ድልድይ ተሻግረው ገቡ፤ ከአራት ቀን በኋላ የአደባባዩ ሐውልት ራሱ ፈረሰ። ንጉሡ ያቋቋሙትና ግብፃዊው የሕግ ምሁር ሸሪፍ ባሲዩኒ የመሩት አጣሪ ኮሚሽን በኖቬምበር 2011 ባወጣው ሪፖርት እስረኞች መሠቃየታቸውን አረጋግጧል። ሪፖርቱ በንጉሡ ፊት ተነበበ፣ አስተያየቶቹም ተቀባይነት አግኝተዋል ተባለ፤ ትልቁ ሕጋዊ ተቃዋሚ ድርጅት አልዊፋቅ ግን በ2016 በፍርድ ቤት ፈረሰ።

ኩዌትንም መጥቀስ ተገቢ ነው። ከ1963 ጀምሮ የተመረጠ ምክር ቤት የነበራት፣ ሚኒስትሮች በእውነት የሚጠየቁባት ብቸኛ የባሕረ ሰላጤ አገር ነበረች። በሜይ 2024 አሚሩ ምክር ቤቱን በትነው እስከ አራት ዓመት ለሚደርስ ጊዜ የሕገ መንግሥቱን አንዳንድ አንቀጾች አገዱ። እንግዲህ ዘውዱ ጸንቷል ስንል ነጻነቱ ከነበረበትም እየጠበበ መሄዱን አብረን መቁጠር አለብን።

ነጭ ዓባይ

ለዓመታት ካርቱም የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ ስለ ሱዳን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ የማታ አንባቢ ሐሳብ ከየትኛውም አገር ይልቅ እዚያ በደም ተረጋግጧልና።

አልበሽር በጁን 1989 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዙ ሌላ መኮንን በእርሳቸው ላይ ያንኑ እንዳያደርግ መከላከያው አንድን ኃይል በሌላው ማስጠበቅ እንደሆነ ያውቁ ነበር። የደኅንነቱ መሥሪያ ቤት የራሱ ታጣቂዎች ነበሩት፣ ፓርቲው የራሱ ሚሊሻ ነበረው፤ በዳርፉር ጦርነት ስማቸው የከፋው ጃንጃዊዶች ደግሞ በ2013 ፈጥኖ ደራሽ ኃይል የሚል መጠሪያና ደንብ ልብስ ተሰጣቸው። በ2017 ምክር ቤቱ ባወጣው ሕግ ይህ ኃይል ሕጋዊ ሆነ። አዛዡ መሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ፣ በተለምዶ ሄሜቲ የሚባሉት፣ በሰሜን ዳርፉር የጀበል አሚርን የወርቅ ማዕድን ያዙ፤ ተዋጊዎቻቸውንም በክፍያ እንዲዋጉ ወደ የመን ላኩ። ደመወዝ ለመክፈል የካርቱምን ግምጃ ቤት የማይፈልግ ሠራዊት የተወለደው በዚህ ሁኔታ ነው።

ኤፕሪል 6 ቀን 2019 ሕዝቡ የጦሩን ጠቅላይ መምሪያ ከቦ ሲቀመጥ፣ ሴቶችና ወጣቶች ከፊት ነበሩ። ኤፕሪል 11 ቀን አልበሽር ተያዙ። እርሳቸውን የተኩት የመከላከያ ሚኒስትር አንድ ቀን ብቻ ቆይተው ሲለቁ ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ሕዝብ በሁለት ቀን ሁለት መሪ አወረደ ተባለ። ከሁለት ወር በኋላ ጁን 3 ቀን ያ የተቃዋሚዎች ሰፈር በጥይት ተበተነ። ከመቶ በላይ ሰዎች ተገደሉ፣ አስከሬኖች ከዓባይ ወንዝ ወጡ። ለዚያ ጭፍጨፋ እስከ ዛሬ የተፈረደበት አዛዥ የለም።

ሲቪሎቹ ይህ ሁሉ ሆኖ እያለ በኦገስት 2019 ከጄኔራሎቹ ጋር ሥልጣን ለመጋራት ፈረሙ። ሌላ ምርጫ ነበራቸው ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም። ነገር ግን የተፈረመው ሰነድ አገሪቱን በሽግግሩ የሚመራውን የሉዓላዊ ምክር ቤት ሰብሳቢነት መጀመሪያ ለጦሩ ሰጠ፣ የጸጥታ ተቋማቱን ማሻሻልም ለራሳቸው ለጸጥታ ተቋማቱ ተወ። ጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሐምዶክ ጦሩና የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ያሏቸው ኩባንያዎች ከገንዘብ ሚኒስቴር ቁጥጥር ውጭ መሆናቸውን በአደባባይ ተናገሩ፤ ይህ ተቀባይነት የለውም አሉ። የቀድሞውን አገዛዝ መዋቅር የሚያፈርሰው ኮሚቴም መሬትና ድርጅት እያስመለሰ ወደ ከፍተኛዎቹ ሰዎች ሲጠጋ ጠላት አፈራ። ሰብሳቢነቱ ወደ ሲቪሎች ሊዛወር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ኦክቶበር 25 ቀን 2021፣ የጦሩ አዛዥ ጄኔራል አብዱልፈታህ አልቡርሃን ከሄሜቲ ጋር ሆነው መፈንቅለ መንግሥት አደረጉ። ኮሚቴው ታገደ፣ መሪዎቹም ታሰሩ።

ከዚያም ሁለቱ እርስ በእርሳቸው የሚከራከሩበት ጉዳይ መጣ፤ ፈጥኖ ደራሹ ኃይል በስንት ዓመት ውስጥ በጦሩ ሥር ይጠቃለል የሚለው ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ፣ ዳርፉር ውስጥ ረኀብ ገባ፣ በኦክቶበር 2025 ኤልፋሽር ከረጅም ከበባ በኋላ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ስትወድቅ ሰላማዊ ሰዎች በየቤታቸውና በሆስፒታል ተገደሉ። አልበሽር ለራሳቸው ጥበቃ የፈጠሩት ነገር እርሳቸው ከወረዱ በኋላ አገሪቱን እያፈረሰ ነው።

ሚዛን

የሁላችሁንም በአክብሮት አንብቤያለሁ። ሆኖም ከዚህ ክርክር አንድ አደገኛ መደምደሚያ ሊወጣ ይችላል ብዬ እሰጋለሁ፤ እርሱም ተቋሙን ከሥሩ ማፍረስ ነው መፍትሔው የሚለው ነው።

ይህ ተሞክሯል። በሜይ 2003 አሜሪካዊው አስተዳዳሪ ፖል ብሬመር ባግዳድ በገቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባወጧቸው ሁለት ትእዛዞች የሳዳም ሁሴን ገዢ ፓርቲ የነበረው የባዝ ፓርቲ አባላት ከመንግሥት ሥራ እንዲወገዱና የኢራቅ ጦር እንዲበተን አደረጉ። መምህራንና ሐኪሞች ሳይቀሩ ከሥራ ወጡ፤ መሣሪያ አያያዝ የሚያውቁ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያለ ደመወዝ ቀሩ። ከእነዚህ መኮንኖች አንዳንዶቹ በኋላ ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ በጠራው ቡድን የጦር አመራር ውስጥ ተገኝተዋል። ሊቢያም ሌላ ምስክር ናት። ጋዳፊ መፈንቅለ መንግሥትን በመፍራት መደበኛውን ጦር አዳክመው በልጃቸው የሚታዘዘውን ብርጌድ አጠናክረው ነበር፤ ኦክቶበር 20 ቀን 2011 ሲርት ላይ ሲገደሉ ከኋላቸው መንግሥት የሚባል ነገር አልነበረም። በየከተማው የተነሡት ታጣቂዎች ከመንግሥት ደመወዝ እየተከፈላቸው መንግሥቱን ያስገድዱት ጀመር። ለዲሴምበር 24 ቀን 2021 የተቀጠረው ምርጫ እስከ ዛሬ አልተካሄደም።

ስለዚህ የግብፅ ችግር ጠንካራ ተቋም፣ የሊቢያ ችግር የተቋም አለመኖር ከሆነ፣ አንድ ማብራሪያ ሁለቱን ሊይዝ አይችልም። በተጨማሪም የውጭ ኃይሎች ሚና በውይይታችን አንሷል። አሜሪካ ለግብፅ ጦር በየዓመቱ የምትመድበው 1.3 ቢሊዮን ዶላር ካለፈው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የዘለቀ ነው። ሙርሲ በተወገዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኤምሬቶችና ኩዌት 12 ቢሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገቡ። በኦገስት 2013 ካይሮ ውስጥ በራቢዓ አደባባይ በአንድ ቀን ሙርሲን ደግፈው ከተሰበሰቡት ቢያንስ 817 ሰዎች ሲገደሉ ገንዘቡ አልተቋረጠም። አሳድም ቢሆኑ በሴፕቴምበር 2015 የሩሲያ አየር ኃይል ባይደርስላቸው፣ ኢራንና የሊባኖሱ ሒዝቦላህም ባይዋጉላቸው፣ እስከ 2024 አይቆዩም ነበር። ሩሲያ በዩክሬን ስትያዝና ሒዝቦላህ ሲዳከም ያ ሁሉ አገዛዝ በ12 ቀን ገደማ ተናደ።

የጠዋት ኮከብ

ሚዛን ያነሱት ትክክል ነው፤ እኔ ግን በአደባባይ ስለሚወጣው ሕዝብ አንድ ነገር መጨመር እፈልጋለሁ።

አልጄሪያውያን ከፌብሩዋሪ 22 ቀን 2019 ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ በየሳምንቱ ዓርብ ያለ ጥይትና ያለ ድንጋይ ተሰልፈዋል። ቡተፍሊካ ኤፕሪል 2 ቀን ሲለቁ ሰልፉ አልቆመም፤ መፈክሩ ሁሉም ይውረዱ የሚል ነበርና። ተቋሙን ያልረሳ፣ በአንድ ሰው መውረድ ያልተታለለ ሕዝብ ነበር። ቢሆንም የጦሩ አዛዥ ጄኔራል አህመድ ጋይድ ሳላህ የቀድሞ ባለሥልጣናትንና ነጋዴዎችን በሙስና እያሰሩ፣ በዲሴምበር ተቃዋሚው የራቀበትን ምርጫ አስደረጉ፤ ከመራጩ 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ወጥቷል በተባለበት በዚያ ምርጫ አብደልመጂድ ተቡን ፕሬዚዳንት ሆኑ። በማርች 2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ሕዝቡ ራሱ በኃላፊነት ስሜት ሰልፉን አቆመ፤ መንግሥቱ ያን ጊዜ ተጠቅሞ ተሳታፊዎችን አንድ በአንድ አሰረ።

ሂራክ የሚባለው ይህ የአልጄሪያ ንቅናቄ መሪ ላለመምረጥ የወሰነው መሪ ከተገኘ ይታሰራል ወይም ይገዛል ብሎ ነው፤ የ1990ዎቹን የእርስ በርስ ጦርነት ያየ ሕዝብ እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ጄኔራሎቹ ፊት ተቀምጦ የሽግግሩ ጊዜ ይህን ያህል ይሁን፣ የምርጫ ቦርዱን እነማን ይምሩት፣ የታሰሩት መቼ ይፈቱ ብሎ የሚደራደር አልተገኘም። ሱዳኖች የባለሙያዎች ማኅበርና የነጻነትና ለውጥ ኃይሎች የሚባል ኅብረት ስለነበራቸው ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሲቪል መንግሥት አግኝተዋል።

የማታ አንባቢ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፀሐይ መውጫና ሚዛን ያነሷቸው ሁለት ነጥቦች መልስ ይገባቸዋል።

ቱኒዚያ ጦሯ ትንሽ ስለሆነ የኃይል ተቋም አልነበራትም ማለት አይቻልም። የቤን አሊ አገዛዝ ያረፈው በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴርና በፖሊስ ላይ ነው፤ ቤን አሊ ራሳቸውም ወደ ሥልጣን የወጡት በዚያ በኩል ነው። ከ2011 በኋላ የነበሩት መንግሥታት ያን ሚኒስቴር ለመንካት አልደፈሩም፤ በ2015 በባርዶ ሙዚየምና በሱስ የባሕር ዳርቻ ከደረሱት የሽብር ጥቃቶች በኋላማ ፖሊስን መተቸት አገርን እንደ መካድ ይቆጠር ጀመር። የቀድሞ በደሎችን የሚያጣራው የእውነትና የክብር ኮሚሽን ከ62,000 በላይ አቤቱታ ተቀብሎ ሳለ በሴፕቴምበር 2017 ምክር ቤቱ በቤን አሊ ዘመን በአስተዳደር ሙስና ለተጠረጠሩ ባለሥልጣናት ምሕረት የሚሰጥ ሕግ አጸደቀ። ሳኢድ በ2021 ያዘዙት ፖሊስ የታዘዘው በልማዱ ነው። ይህ የፖለቲከኞቹን ጥፋት አያስቀርም፤ ፀሐይ መውጫ ስለ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የጻፉት ከእኔ ሐሳብ ጋር አብሮ የሚቆም ነው።

ስለ ኢራቅና ስለ ሊቢያ የተነሣው ግን ይበልጥ ከባድ ነው። ጦርን መበተንና ጦርን ሒሳብ ማስጠየቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ብሬመር የመጀመሪያውን አደረጉ፣ የግብፅ ሕገ መንግሥት አርቃቂዎች ሁለተኛውን ፈሩ። እኔ የምለው ከተራው ወታደር ደመወዝ ሳይነካ ኩባንያዎቹ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር መዝገብ እንዲገቡ፣ ሲቪሎች ከወታደራዊ ችሎት እንዲወጡ፣ የጄኔራሎች ሹመት በምክር ቤት ፊት እንዲያልፍ ነው። ሐምዶክ የጀመሩት ይህንኑ ነበር፤ መፈንቅለ መንግሥቱም የመጣው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ላይ አጥብቄ እይዛለሁ። ሕዝቡ አደባባይ ላይ ባለበት፣ ጄኔራሎቹ በሚፈሩባቸው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ካልተፈረመ በስተቀር ከዚያ በኋላ የሚያስፈርም ኃይል አይኖርም። በኦገስት 2019 የካርቱም ሰነድ ሲፈረም ሕዝቡ ከመምሪያው ፊት ለፊት በጥይት ከተነሣ ሁለት ወር አልፎት ነበር።

እማኝ

በዚህ ረገድ ሶሪያን አሁን በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል፤ ነገሩ ገና እየተወሰነ ነውና።

አሳድ በሸሹበት ዕለት፣ ዲሴምበር 8 ቀን 2024፣ የሰይድናያ እስር ቤት በር ሲከፈት ብዙ ቤተሰቦች ለዓመታት የጠፋ ሰው ፍለጋ ወረቀት ሲያገላብጡ አድረዋል። በጃንዋሪ 2025 መጨረሻ አሳድን የጣሉት ታጣቂዎች መሪ አሕመድ አልሸርዓ የሽግግር ፕሬዚዳንት ተብለው ሲሰየሙ የአሳድ ገዢ ፓርቲ የነበረው የሶሪያው ባዝ፣ የቀድሞው ጦርና የደኅንነት ተቋማቱ ሁሉ መፍረሳቸው ታወጀ። ሚዛን የፈሩት መንገድ ማለት ነው፤ በማርች በባሕር ዳርቻው አካባቢ አሳድ ከሚወለዱበት ከአላዊ ማኅበረሰብ በብዙ መቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች ሲጨፈጨፉ ገዳዮቹ አዲሱ ጦር ውስጥ ከተጠቃለሉት ታጣቂዎች መካከልም ነበሩ። በዚያው ወር የተፈረመው ሕገ መንግሥታዊ መግለጫ ለአምስት ዓመት የሚቆይ ነው። ፕሬዚዳንቱ ከምክር ቤቱ አባላት አንድ ሦስተኛውን ይሾማሉ፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱንም ዳኞች ሁሉ የሚሾሙት እርሳቸው ናቸው። በኦክቶበር 2025 ከተቀሩት የምክር ቤት መቀመጫዎች አብዛኞቹ የተሞሉት ሕዝቡ በቀጥታ ሳይመርጥ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የሽግግር ፍትሕ ኮሚሽኑን ልብ በሉ። በሜይ 2025 በፕሬዚዳንቱ ድንጋጌ ተቋቁሟል፤ እንዲመረምር የተፈቀደለት የቀድሞው አገዛዝ የፈጸመውን ወንጀል ብቻ ነው። በእስላማዊ መንግሥት ታጣቂዎች የተወሰዱ፣ የዛሬው አገዛዝ ሰዎች ቀድሞ በያዟት በኢድሊብ በእነርሱው ታስረው የጠፉ ሰዎች እናቶች አቤቱታቸውን ይዘው ወደ ኮሚሽኑ ቢሄዱ የሚቀበላቸው አንቀጽ የለም። የሶሪያ የሰብአዊ መብት ጠበቆች ይህ እንዲሻሻል ጠይቀዋል፤ አዲሱ ምክር ቤት ሥራ ሲጀምር ከሚቀርቡለት ጉዳዮች መካከል ይህ የመጀመሪያው ሊሆን ይገባል።